በሎርዱ ጠረጴዛ ላይ የሚያልፈው መንገድ

በሰሜን እንግሊዝ ቤክዴል የሚባል የበግ አገር አለ፤ በዚያም አገር ከመንደሩ ከፍ ብሎ፣ ጀርባውን ለኮረብታው ሰጥቶ የተቀመጠ አንድ ትልቅ የመኳንንት ቤት አለ። ከሩቅ ለሚያየው ከሌሎቹ የእንግሊዝ ጌቶች ቤት የሚለይበት ነገር የለውም፤ ግራጫ ድንጋይ፣ ብዙ የጭስ መውጫ፣ ብዙ መስኮት። ወደ ግብር አዳራሹ የገባ እንግዳ ግን ግራ ይጋባል። በአዳራሹ መካከል ሠላሳ ሰው የሚያስተናግድ የኦክ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ሌላው የቤት ዕቃ ሁሉ ፊት እስኪያሳይ ሲወለወል፣ የዚህ ጠረጴዛ ገጽ ከዳር እስከ ዳር በጫማ ሚስማር የተፋቀ፣ ጭቃ የጠጣ ነው፤ ሰምም ቀለምም እንዳይነካው ተከልክሏል። በስተምሥራቅ በኩል ያለው መስኮት ከውጭም ከውስጥም የድንጋይ ደረጃ ተሠርቶለታል። ከምድጃው በላይ በተሰቀለው የቤተሰቡ አርማ ላይ ደግሞ አንበሳ ወይም ንስር የጠበቀ ሰው የሚያገኘው አንድ ያረጀ ጫማ ነው፣ ያውም የአንድ እግር ብቻ።

ከመቶ ዓመት በፊት በዘሩ ያፈረ አንድ የቤቱ ልጅ ያስጻፈው የቤተሰብ መጽሐፍ አለ። መጽሐፉ ይህ ጫማ ኢየሩሳሌም ድረስ በእግሩ የተጓዘ የአንድ ጥንታዊ ባላባት መታሰቢያ ነው ይላል። የመንደሩ ሽማግሌዎች ይህ ሲነበብላቸው የቢራ ብርጭቆአቸውን ያስቀምጡና ይሥቃሉ። እኔም ከዚህ በታች የምጽፈው የእነሱን ነው፤ ኢየሩሳሌምን የወደደ መጽሐፉን ያንብብ።

እንደሚነገረው፣ ሎርድ የሚባል ስም በቤክዴል ከመሰማቱ በፊት፣ ከመንደሩ በላይ ያለው መስክና ከመስኩ ሥር የሚፈልቀው ምንጭ የወል ነበር፤ አንድ በግ ያለውም ሃምሳ በግ ያለውም እዚያው ያሰማራል፣ ከዚያው ያጠጣል። መሬቱ የወል ለመሆኑ ወረቀት አልነበረውም። አሥራ አራት የድንበር ድንጋዮች ግን ነበሩት፤ በየዓመቱ፣ የዕርገት በዓል ሳይደርስ በምህላው ሰሞን፣ የመንደሩ ሰው ከቄሱ ጋር ወጥቶ ድንበሩን በእግሩ ይዞራል፣ ከእያንዳንዱ ድንጋይ ሲደርስም በተላጠ የአኻያ በትር ሦስት ጊዜ እየመታ «ያያችሁ መስክሩ» ይላል። ቄሱ «የባልንጀራውን የድንበር ምልክት የሚነቅል ርጉም ይሁን» ብለው ያነባሉ፤ ሕዝቡም አሜን ይላል።

ሥርዓቱ ጥብቅ ነበር ይባላል። መስመሩ አይጣመምም፤ ኩሬ ቢያጋጥም በኩሬው፣ ገደል ቢያጋጥም በገመድ፣ ቤት ቢያጋጥም በቤቱ ውስጥ ይታለፋል። ሰው መብዛት ግድ አይደለም፤ በመንደሩ የተወለደ አንድ ሰው ከዞረ ተዞረ ማለት ነው። ነገር ግን አንድ ዓመት የቀረ እንደሆነ፣ ወይም ከአሥራ አራቱ አንዱ ድንጋይ ሳይመታ የታለፈ እንደሆነ፣ የወልነቱ ያከትማል፤ መሬቱም የአካባቢው ጌታ ይሆናል። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይላል የእኛ አገር ሰው። ቤክዴሎች ሺህ ዓመት ተኝቶ የመጠበቅ ትዕግሥት ስላልነበራቸው በየዓመቱ በእግራቸው ያድሱት ነበር።

በዚያ መንደር ጊልስ የሚባል ጫማ ሰፊ ይኖር ነበር። ቆዳ የሚነካ እጅ በየአገሩ የሚናቅበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ በእኛ ዘንድ ፋቂ ብለው እንደሚጸየፉት ሁሉ፣ የቤክዴል ሰውም ጊልስ የሰፋውን እየተጫማ ጊልስን ይንቀው ነበር ይባላል። ጊልስ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ነበሩት። ወንዱ ገና ወጣት ሳለ ሞተ፤ አምብሮዝ የሚባል ሕፃን ትቶ ሄደ። ሴቲቱ ሲስሊ ትባላለች፤ አላገባችም፤ የአባቷን ወስፌና መዶሻ ወርሳ ጫማ እየሰፋች የወንድሟን ልጅ አሳደገች። አምብሮዝ ከእግሯ ሥር ቁጭ ብሎ የመስፊያ ክሯን በሰም እያሸ አደገ። የጫማ ሰፊ ቤት ልጅ ሰው ሲመጣበት መጀመሪያ የሚያየው እግሩን ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ አምብሮዝም ሰላምታውን ለጫማው ሰጥቶ ካበቃ በኋላ ነበር ወደ ሰውየው ቀና የሚለው።

ሃያ ዓመት ሲሞላው አክስቱን ተሰናብቶ ወደ ዋናው ከተማ ሄደ። በዘመኑ የነበረው ንጉሥ ከባሕር ማዶ ይዋጋ ነበርና ወታደሩ ጫማ ይፈልጋል፤ አምብሮዝ መጀመሪያ በገዛ እጁ፣ ቀጥሎ አሥር ሰው ቀጥሮ፣ በመጨረሻም ሁለት መቶ ሰው አሰልፎ፣ ውኃ የማያስገባ ቦት ጫማ እየሰፋ ለጦሩ ላከ። ጦርነቱ በድል ሲያበቃ ንጉሡ ውለታውን አልረሳም፤ ሎርድ ብሎ ሾመው፣ የምትፈልገውን አገር ምረጥ አለው። እሱም ቤክዴልን መረጠ። ለምን እንደመረጠ ሲጠየቁ ሽማግሌዎቹ ይከራከራሉ፤ እኩሌቶቹ የተወለደበት አፈር ጠርቶት ነው ይላሉ፣ እኩሌቶቹ የናቁትን ሰዎች ከላይ ሆኖ ሊያያቸው ነው ይላሉ። እኔ ሁለተኛውን አምናለሁ፤ አፈሩ የጠራው ሰው ስሙን ለውጦ አይመጣም።

አምብሮዝ ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላ የመጣው ወፍሮ፣ ጢም አሳድጎ፣ ስሙንም ለውጦ፣ የደቡብ ሰው ነኝ እያለ ነበር። አያት ቅድመ አያቶቼ ጥንት እንግሊዝን ከያዘው ከድል አድራጊው ንጉሥ ጋር ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጡ ባላባቶች ናቸው ብሎ አስወራ። ማንም አላወቀውም። የመጣ ዕለት ከሠረገላው ወርዶ በመንደሩ ጎዳና ሲያልፍ፣ ሰዉ ሁሉ ቆቡን አውልቆ ሲሰግድለት፣ ሲስሊ ከሱቋ ደጃፍ ቆማ አየችው፤ አዲሱ ሎርድ የሚያየው የሰገዱትን ሰዎች እግር ነበር። ያኔ አወቀችው። እሱም ከፊቷ ሲደርስ ዓይኑ በጫማዋ ላይ ዐረፈ፤ አባቷ ጊልስ የሰፋላትን፣ እሱ ራሱ በልጅነቱ ክሩን ያሸውን ጫማ አየ። ቀና ሳይል አለፈ። ሲስሊ ያን ቀን ክፉኛ አዘነች። ለማንም አልተናገረችም፤ ገብታ ስፌቷን ቀጠለች።

አምብሮዝ ቤቱን ሊሠራ ሲነሣ የመረጠው ቦታ ከመንደሩ በላይ፣ ልክ ሰባተኛው የድንበር ድንጋይ የቆመበት ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ሰባተኛው ድንጋይ በግንብ ውስጥ ከገባ ዙሩ ይቋረጣል፣ ዙሩ ከተቋረጠ መስኩም ምንጩም የእሱ ነው። ድንጋዩን እንዳይነቅለው ግን ፈራ። በልጅነቱ ከሕዝቡ ጋር ቆሞ ለእርግማኑ አሜን ብሏል፤ ሎርድ ከሆነ በኋላም ያ አሜን ከጆሮው አልወጣም ይባላል። ስለዚህ አንድ ብልሃት ፈጠረ፤ ድንጋዩን እንደቆመ ትቶ አዳራሹን በዙሪያው ሠራ፣ ድንጋዩ እስከ ወገብ የሚደርስ ነበርና የግብር ጠረጴዛውን አናቱ ላይ ጣለበት፤ የድንበሩ ድንጋይ የጠረጴዛው መካከለኛ እግር ሆነ ማለት ነው።

ይህ ሥራ ሊያልቅ ሲል ሲስሊ ወደ ግንቡ ወጣች። አምብሮዝን ከግንበኞቹ መካከል ለይታ ወደ ዳር ጠራችው።

«አንተ አምብሮዝ» አለችው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ተሳስተሻል፣ ሴትዮ። እኔ የዚህ አገር ሰው አይደለሁም።»

«ይሁንልህ። የወደድከውን ሁን። አባትህን ባላባት አድርገው፣ አያትህንም በመርከብ አምጣው፤ እኔ አፌን አልከፍትም። ስሙን ውሰድ። መንገዱን ግን ተው።»

«ድንጋዩን አልነቀልኩትም።»

«ሸፈንከው።»

«መሸፈን ርጉም አያሰኝም፤ ቄሱን ጠይቂ።»

«መጽሐፉ ሲነበብ አብረን ነው የሰማነው፤ ቄስ ምን ያደርግልኛል» ብላ ወረደች።

የምህላው ሰሞን ደረሰ። ሎርዱ ዙሩ በሚዞርበት ቀን ለቀትር ታላቅ ግብር አሰናዳ፤ የጎረቤት አገር ጌቶችን ጠራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የንጉሡን የዘርና የአርማ መዝጋቢ አስመጣ። ይህ መዝጋቢ የመኳንንቱን ትውልድ እየመረመረ በብራና የሚጽፍ፣ አርማቸውንም የሚያጸድቅ ሹም ነበር፤ እሱ ያልጻፈው ዘር ዘር አይባልም። በመንደሩም ዐዋጅ ተነገረ፤ በትር ይዞ የሎርዱን ቅጥር ያለፈ ይገረፋል፣ ቤቱም ይፈርሳል ተባለ። የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ በዚያ ዓመት ያሳደሰው ሎርዱ ነበርና ቄሱን በዚያ ሳምንት ጉንፋን ያዛቸው ይባላል።

የመንደሩ ወንዶች በቢራ ቤቱ ተሰብስበው መከሩ። ምክራቸውም አጭር ነበር፤ ጌታ አይከሰስም፣ ሰማይ አይታረስም፣ ዘንድሮ ይቅር የሚል ነው። ሲስሊ ከጥግ ተቀምጣ የቢራ ጠማቂውን ጫማ ትጠግን ነበር።

«ሰማይ እረሱ ማን አላችሁ» አለች፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል። «ምድሩን ዙሩ ነው የተባላችሁት።»

«እማማ፣ እርስዎ ምን አለብዎት» አለ አንዱ። «እኛ ልጆች አሉን፤ ቤታችንን ያፈርሱብናል።»

«እኔ የሚፈርስብኝ አንድ ክፍል ነው፣ ጣሪያውም ያፈሳል። እስከ ስድስተኛው ድንጋይ ሸኙኝ፤ ከዚያ ወዲያ ላለው እኔ አለሁ።»

ሲስሊ ያኔ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። በማግስቱ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ምድሩ ሁሉ ጭቃ ሆኖ ሳለ፣ የአባቷን ስፌት ተጫምታ፣ የአኻያ በትሯን ይዛ ወጣች። ሰዉም በኀፍረትም በፍርሃትም ሆኖ ተከተላት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ስድስት ድንጋይ መቱ፤ ከዚያ ከቅጥሩ ደረሱና ቆሙ። በቅጥሩ በር የቆመው ዘበኛ ጦሩን አጋደመባት።

ሲስሊ እግሩን አየች። «ያን ታኮ ማን መታልህ?»

«እርስዎ ነዎት፣ እማማ።»

«በል እንግዲህ በእሱ ዞር በል።»

ዘበኛው ጥቂት አሰበ፤ ከዚያ በጠገነችለት ታኮ ዞረና ደመና ማየት ጀመረ። ሲስሊ አለፈች። ሰዉ ከውጭ ቀርቶ ሲያያት ቆየ፤ አንዲት አሮጊት ብቻዋን ሜዳውን አቋርጣ ወደ ግንቡ ስትሄድ ማየት ለቆመ ሰው አይመችም፤ በመጨረሻ አንዱ አጥሩን ተሻገረ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም።

የድንበሩ መስመር የሚያልፈው በበሩ በኩል አልነበረም፤ በምሥራቁ መስኮት ነው። አዳራሹ ውስጥ መዝጋቢው ብራናውን ዘርግቶ የአምብሮዝን ትውልድ ለእንግዶቹ እያነበበ ነበር፤ ከባሕር ማዶ የመጣው ባላባት ገና ከመርከቡ ሳይወርድ መስኮቱ ተከፈተና በመጀመሪያ በትር፣ ቀጥሎ ጭቃ የለበሰ እግር ገባ። ከመስኮቱ ሥር ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠ አንድ ጌታ ነበር። «ልጄ፣ እጄን ያዝልኝ» አለችው። ሰውየው ሽማግሌ አክብር ተብሎ ያደገ ነበርና ተነሥቶ እጇን ያዘ፣ ወንበሩንም ለቀቀላት። ወንበሩን ረግጣ ጠረጴዛው ላይ ወጣች። ስትገባ የመስኮቱ ብረት የቀኝ ጫማዋን ስፌት፣ ራሷ በኋላ ደግማ የሰፋችውን፣ ቀዶት ነበር፤ እየተንሸራተተች በገበታው መካከል ቀጥ ብላ ሄደች። ከፊቷ አንድ የተጠበሰ ዝይ ነበር። መስመሩ አይጣመምም ተብሏል፤ ዝይውን ረገጠችው። ከጠረጴዛው እኩሌታ፣ ድንጋዩ ከሥሩ ከቆመበት ስትደርስ በትሯን አነሣችና ሦስት ጊዜ መታች።

«ሰባተኛው ነው» አለች። «ያያችሁ መስክሩ።»

አምብሮዝ ከጠረጴዛው ራስ ተነሣ። «ይቺን ሴት አውጡልኝ» አለ።

አሽከሮቹ ሲቃረቡ መዝጋቢው እጁን አነሣ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ደግም አልነበረም፤ ሥርዓት ብቻ የሚወድ ሰው ነበር ይባላል። በንጉሡ ጸሐፊ ፊት የተነገረ የመሬት ይገባኛል ሳይሰማ አይታለፍም አለ፤ ብዕሩንም አነሣ።

«በምን መብት ነው እዚህ የቆምሽው?» አላት።

«በእግሬ።»

«የማን ልጅ ነሽ? ዘርሽን ተናገሪ። ዘሩን ያልተናገረ ሰው ምስክርነቱ አይጻፍም፤ ካልተጻፈም ድንጋዩ እንዳልተመታ ይቆጠራል።»

ሲስሊ ዘሯን ከተናገረች አፌን አልከፍትም ያለችውን ቃል ታፈርሳለች፣ ያሳደገችውንም ልጅ በሰው ፊት ታዋርደዋለች፤ ካልተናገረች ደግሞ መስኩና ምንጩ በዚያች ሰዓት ይሄዳሉ፣ አንድ በግ ያላት ሴት በግዋን የምታጠጣበት አታገኝም። ከውጭ የመንደሩ ሰው በየመስኮቱ አፍጥጦ ያያታል። እሷ ያየችው አምብሮዝን ነበር።

«ጌታው፣ መንገዱን ትተዋለህ?» አለችው። በሰው ፊት ሌላ ስም አልጠራችውም።

«አልተውም» አለ አምብሮዝ፤ ዓይኑ በጫማዋ ላይ እንደነበረ።

«እንግዲያው ጻፍ» አለችው መዝጋቢውን። «ሲስሊ፣ የጫማ ሰፊው የጊልስ ልጅ። ወንድሜ ዋልተር ነበር፣ ሞቷል። የዋልተር ልጅ አምብሮዝ፣ ያ በገበታው ራስ የቆመው።»

እንግዶቹ ሁሉ ወደ ገበታው ራስ ዞሩ። አምብሮዝ ፊቱ ደም መሰለ። «ውሸት ነው» አለ። «ይቺን ሴት አላውቃትም።»

ሲስሊ ከጠረጴዛው ላይ ቁጭ አለች፤ የተቀደደውን የቀኝ ጫማዋን አወለቀችና ከፊቱ ከሳህኑ ላይ አስቀመጠችለት። «እኔን አታውቀኝ፤ ይሁን» አለች። «ጫማውንስ?»

እዚህ ላይ ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። የአምብሮዝ እጅ ከአፉ ቀደመ ይላሉ። ሊጥለው ነበር ያነሣው፤ ነገር ግን ጫማውን እንደያዘ ገለበጠው፣ አውራ ጣቱን በስፌቱ ላይ አስሄደ፣ ከተቀደደው ላይ ሲደርስ ክሩን በጥፍሩ ስቦ ወደ ብርሃን አደረገው። ማን እንዳለ፣ የት እንደቆመ ለአንድ አፍታ ረሳ። «ክሩ ሰም አልጠጣም» አለ።

«ሰም የሚያሽልኝ ሰው ከሄደ ሠላሳ ዓመቱ ነው» አለችው።

መጀመሪያ ከእንግዶቹ አንዱ ሣቀ፤ ከዚያ ሣቁ በገበታው ዙሪያ ተዳረሰ። መዝጋቢው ብራናውን መጠቅለል ጀመረ፤ የጫማ ሰፊ የልጅ ልጅ አርማ አይሰቅልም፣ ይህን ለንጉሡ አመለክታለሁ አለ። አምብሮዝ ጫማውን እንደያዘ የሣቁትን እግር በየተራ አየ። ግማሾቹ የተጫሙት እሱ ያሰፋውን ቦት ጫማ ነበር።

«አመልክት» አለው መዝጋቢውን። «ንጉሡ ባሕር ማዶ የቆመው በእኔ ጫማ ነው። መጀመሪያ ጫማዬን አውልቆ ይመልስልኝ፣ አርማውን ያኔ ይንሣኝ። እስከዚያው ግን ብራናህን ዘርጋና ያልኩህን ጻፍ። ሲስሊ፣ የጊልስ ልጅ። አምብሮዝ፣ የጊልስ የልጅ ልጅ፤ አክስቴ ናት፣ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ከአርማዬ ላይ አንበሳውን ሰርዘውና በቦታው ይህን ሳል።» ጫማውን ከብራናው ላይ አኖረለት።

መዝጋቢው ጻፈ። ለምን እንደጻፈ አይታወቅም፤ ምናልባት በየመስኮቱ የቆመውን ሰው አይቶ ይሆናል፣ ምናልባትም በዘመኑ እውነተኛ ዘር ሲጽፍ የመጀመሪያው ቀን ስለሆነበት ይሆናል። የሎርዱ ቤተሰቦች አባታችን ይህን የተናገረው በኩራት ነው ይላሉ። የመንደሩ ሰዎች መድረሻ ስላጣ ነው ይላሉ። ኩራት ብዙ ጊዜ መድረሻ ያጣ ሰው የሚገባባት ቤት ስለሆነች ሁለቱንም እቀበላለሁ።

ሲስሊ ግን ይህን ሁሉ ተቀምጣ አልሰማችም። አምብሮዝ እየተናገረ ሳለ ከጠረጴዛው ላይ ተነሥታ፣ አንድ እግሯን በባዶ፣ በገበታው በኩል እስከ ምዕራቡ በር ሄደች። ከበሩ ላይ ዘወር ብላ በመስኮት ያለውን ሕዝብ «ምን ትጠብቃላችሁ? ሰባት ይቀራል» አለች። ሕዝቡም በግንቡ ዞሮ ተከተላት፤ የቀሩትን ሰባት ድንጋዮች አብረው መቱ። ቄሱ በአሥረኛው ድንጋይ ላይ ከጉንፋናቸው ድነው ደረሱ ይባላል።

በሦስተኛው ቀን አምብሮዝ ብቻውን ወደ ሱቋ ወርዶ ጫማውን ይዞላት መጣ። በእጁ ሰፍቶት ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ወስፌ ያልነካ እጅ ስለነበረ ስፌቱ ጠማማ ሆኗል። አገላብጣ አየችውና ተጫማችው። ከእኛ ጋር ኑሪ፣ በገበታችን ብዪ ብሎ ለመናት። «በገበታህ ላይ ሄጄበታለሁ፤ ይበቃኛል» አለችው። እስክትሞት ድረስ ከሱቋ አልወጣችም፤ ከዚያ በኋላ ግን አምብሮዝ በዚያ ጎዳና ባለፈ ቁጥር እግሯን አይቶ ሲያበቃ ቀና ይል ነበር። በመስኮቱ በሁለቱም በኩል የድንጋይ ደረጃ ያሠራው እሱ ነው፤ ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ለሞላት ሴት መስኮቱ ከፍ ይላል ብሎ ነው ይባላል።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ልማዱ ጸና። ሎርዱ ሞቶ ልጁ ሲተካ፣ አዲሱ ሎርድ በገበታው ራስ ከመቀመጡ በፊት ለመንደሩ በዕድሜ ትልቋ ሴት አንድ ጫማ በገዛ እጁ ይሰፋላታል፤ የአንዱም ስፌት ቀጥ ብሎ አያውቅም ይላሉ። በየዓመቱ ዙር ቀን ያቺ ሴት በመስኮት ገብታ በጠረጴዛው ላይ ትሄዳለች፤ ሎርዱ በምን መብት ነው ብሎ ይጠይቃታል፣ እሷም ትመልሳለች። በጎቹም እስከ አዳራሹ መስኮት ድረስ እየመጡ ይግጣሉ፤ የሚያባርራቸው የለም።

አምና እኔም በዚያ ቀን ቤክዴል ነበርኩ። የዛሬው ሎርድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ናቸው። እንግዶችን ከበር ሲቀበሉ እጄን ጨበጡኝ፤ ዓይናቸው ግን ከፊቴ በፊት ወደ ታች ወረደ። «የግራ ታኮዎ በውጭ በኩል አልቋል» አሉኝ፣ ከዚያ ራሳቸው አፍረው ይቅርታ ጠየቁኝ። ዘር ከልጓም ይስባል ማለት ይህ ነው ብዬ በሆዴ ሣቅሁ።

የአምናዋ የመንደሩ ትልቋ ሴት እማማ ዶሪን ይባላሉ፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ዳሌአቸውም ይታመማል። በመስኮቱ ደረጃ ሲወጡ ሁለት ሰው ደግፎ ነው፤ ሎርዱ ከውስጥ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። ጠረጴዛው ላይ ሊወጡ ሲሉ ሎርዱ ጎንበስ ብለው ቀስ ብለው ተናገሯቸው፤ ከጎን ስለነበርኩ ሰማሁ።

«እማማ፣ ዘንድሮ በዳር ይለፉ። እኛ እንደተመታ እንቆጥረዋለን፤ ማንም አይከራከርም።»

እማማ ዶሪን በትራቸውን አስተካክለው ያዙ። «አያት ቅድመ አያትህም ማንም አይከራከርም ብሎ ነው ጠረጴዛውን እዚህ ያስቀመጠው» አሉ። «ያዘኝ።»

ሎርዱ ያዟቸው። አሮጊቷ ጠማማ ስፌት ያለውን ጫማቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉና፣ እያቃሰቱ፣ እያንዳንዱን እርምጃ እየቆጠሩ፣ ሳህኑንም ብርጭቆውንም ሳይዞሩ እስከ መካከሉ ሄዱ። ሦስት ጊዜ መቱ። ከሥር ድንጋዩ ሲመልስ በእግሬ ተሰማኝ።

«በምን መብት?» አሉ ሎርዱ፣ ቀና ብለው።

«በእግሬ» አሉ እማማ ዶሪን፤ ከዚያ ወደ ምዕራቡ በር እያዘገሙ፣ እንደ እንግዳ አፋችንን ከፍተን የቆምነውን ሁሉ ገላመጡን። «ሰባት ይቀራል» አሉ። ሎርዱም እኔም ያለቀ ታኮዬን ይዤ ተከተልናቸው።